የወፍጮ ሞተርም ቅርስ ነው

ለአዘጋጁ፦

ጎንደር ላይ የቅርስ ወሬ ሲነሳ ፋሲል ግቢ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ እሰየው። የድሮ ወፍጮ ቤቶችን፣ ጋራዦችንና የብረት መሥሪያ ቤቶችን ግን ማን ይመዝግባቸው?

በሰፈሬ የነበረ አንድ የናፍጣ ወፍጮ በቅርቡ በኪሎ ተመዝኖ ለቁራሌው ተሸጠ። ቺንጋው የሚዞርበት ትልቁ ጎማ ላይ የስንት ዓመት ዱቄት እንደ ኖራ ተጋግሮ ነበር። ፎቶ እንኳ ያነሳው ሰው የለም (እኔም አላነሳሁም፣ ይቆጨኛል)።

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። አዋጁ ቅርስን ሲተረጉም የሰውን የፈጠራና የሥራ ውጤት ይላል እንጂ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ አላለም። ግን መዝገብ ላይ የሌለን ነገር ሲፈርስ ማን ያቆመዋል?

ደግሞ ቤቱ ቢተርፍ እንኳ አሠራሩን የሚያውቁት ሰዎች ያልፋሉ። ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። አፄ ቴዎድሮስ መድፉን ያሠሩባት ጋፋት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው፣ የት ናት ቢባል ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ጋር ሆኖ አንዲት ገጽ ቅጽ ያዘጋጅ፦ ቦታው፣ የማሽኑ ዓይነት፣ ፎቶ፣ የሠራተኞቹ ድምፅ። ይህ ቅጽ ሳይሞላም ለአሮጌ የሥራ ቤት የማፍረሻ ፈቃድ አይሰጥ።

አንድ የጎንደር ነዋሪ