ደብዳቤ ለልጄ፦ ያ ቀዳዳ ከፍ ሳይል ሰው ሞልተህ አትውጣ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አጎትህ ከባሕር ዳር ሲመለስ ዳንግላ እኛ ዘንድ አደረ። እራት ላይ ያወራውን ከሰማች ወዲህ እናትህ እንቅልፍ የላትም። ከዘጌ ስትመለሱ ጀልባዋ ሰው ሞልታ፣ ከሆዷ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሣል፤ ውሃው ግን ከእግራችሁ ሥር አልጎድል አለ። አንተም «ፓምፑ ደክሟል፣ ሌላ እገዛለሁ» አልክ አሉ።

ፓምፑ አልደከመም፤ ብርህን አታባክን። የሚያወጣው ውሃ ተመልሶ እየገባ ነው። ናፍጣ ከበርሜል በጎማ ስበን ወደ ጀሪካን ስናወርድ አንዴ ከጀመረ በራሱ ይፈስ የለ? ይህም እንደዚያ ነው። ቱቦው ውሃ እንደሞላ መውጫው ሐይቁ ውስጥ ከጠለቀ፣ ፓምፑ ሲቆም የጣና ውሃ በዚያው ቱቦ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርዳል። የእኛ ዓይነት ፓምፕ ሲቆም የሚዘጋ ነገር የለውም። ማረጋገጥ ከፈለግህ ዳር ላይ አስረህ ስድስት ሰው ከኋላ አስቀምጥ፤ ፓምፑን አጥፋና ወለሉን ገልጠህ እይ። ከፓምፑ ወንፊት ሥር ውሃው እንደ ምንጭ ሲፈልቅ ታየዋለህ።

የቱቦው መውጫ የሆነውን ያን ቀዳዳ የበሳሁት እኔ ነኝ። ጀልባዋ ባዶዋን ቆማ ለካሁ፤ ከውሃው አንድ ስንዝር የማትሞላ ከፍታ በቂ መስላኝ። አሥራ ሁለት ሰው ሲቀመጥባትና ሞተሩ ኋላዋን ሲጎትታት የት እንደምትደርስ መለካት ነበረብኝ። ቱቦ ለማሳጠር ብዬ ነው፤ አንድ ሜትር ቱቦ! ሌሊት ሌሊት ይህን አስባለሁ። አንተ ግን እወቀው፦ ቀዳዳው ከፍ ሳይል ሰው ሞልተህ አትውጣ።

አሁን የምትሠራውን ስማ። ሙሉ ሰው አስቀምጠህ ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ ምልክት አድርግ። አዲሱ መውጫ ከዚያ ምልክት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከጠርዙ ከንፈር ሥር አድርገው። ድሪሉን ከውጭ ወደ ውስጥ ምታ፣ ከውስጥ ከመታኸው ውጫዊው ልባስ ይሰነጠቃል። ቱቦው 28 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ ልሙጥ ይሁን፤ ያ የተሸበሸበው ርካሹ ፍሰቱን ያንቀዋል። መሐል ላይ እንዳይረግብ እያሰርህ ውሰደው። በየጫፉ ሁለት ሁለት የማይዝግ ፋሸታ፣ ማለት የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት፣ አድርግ።

የድሮውን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፍነህ እንዳትተወው! አንድ ቀን ቢነቀል፣ ከውሃው በታች 10 ሳንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ያስገባል። ጀልባዋን ወደ የብስ አውጣት፤ ግድግዳዋ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዙሪያውን 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ እያሳሳህ ሞርደው፣ በአሴቶን ጥረገው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ የመስታወት ፋይበሩን ጨርቅ በሬዚን፣ ደርቆ በሚጠነክረው ሙጫ፣ እየነከርህ ከውስጥም ከውጭም ደራርበው።

«የማይመልስ ቫልቭ ቱቦው ላይ ላስገባ» እንዳትለኝ። አንዲት የጆንያ ክር ከገባችበት አይዘጋም፣ ፍሰቱንም ይቀንሳል። የዘጌ ቡና ጆንያ ስትጭን ክሩና ገለባው፣ የእንቦጩም ሥር፣ ሁሉም ወንፊቱ ላይ ነው የሚሰበሰበው። በየሳምንቱ ንቀልና እጠበው። ውሃ ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሣው ተንሳፋፊ ስዊች ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ ይያዝ፤ የሽቦው መጋጠሚያ ከሆዷ ወጥቶ ከፍ ብሎ ይታሰር። ክረምት ላይ ደግሞ አትርሳ፦ 6 በ2 ሜትር ክፍት ጀልባ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ካደረ 600 ሊትር ነው፤ ባትሪው ደክሞ ከሆነ ጠዋት ሰጥማ ታገኛታለህ። ሸራ አልብሳት።

አባቴ፣ ለየካቲት 16 ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው ሰው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገቢውም እንደሚያስፈልግህ። ሥራው ካልደረሰ ግን ይቅርብህ። ሰው ሞልተህ አትውጣ። ሐይቅ ላይ ቢደገምብህ፣ ቱቦውን እጠፈውና በሽቦ እሰረው፤ ሰው ካለ ወደፊት አስጠጋው፣ ኋላዋ ቀና ይላል።

እናትህ ድርቆሽና በርበሬ ልካለች። ቱቦውን 2 ሜትር ተኩል፣ ከስምንት ፋሸታ ጋር በዚያው ካርቶን አድርጌዋለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ጠብቅ። ስትጨርስ 20 ሊትር ጀሪካን ሆዷ ውስጥ ገልብጥና ፓምፑን አስነሣ። የፓምፑ ጽሑፍ በሰዓት 2000 ሊትር ይላል፤ በዚያ ስሌት 36 ሰከንድ ነው። ቱቦው ከፍ ስላለ ትንሽ ይዘገያል፤ ከደቂቃ ተኩል ካለፈ ግን የታፈነ ነገር አለ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ደውለህ ንገረኝ።

አባትህ