ከተከፈለበት የሻብሊ ወይን ጠጅ ይልቅ ሌላ ዓይነት ስለመላኩ የቀረበ ቅሬታ

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደሴ

ለወይን ጠጅ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በላካችሁልኝ ፕሮፎርማ መሠረት «ሻብሊ ፕርሚዬ ክሩ ፉርሾም» የተባለውን ድራይ (የማይጣፍጥ) የፈረንሳይ ነጭ ወይን ስድስት ጠርሙስ፣ አንዱን በ14,500 ብር ሒሳብ፣ በድምሩ 87,000 ብር በባንክ ከፍዬ አዝዤ ነበር። ዕቃው ጥር 2 ቀን ደሴ ደርሶልኛል። ስለ አመጣጡ ወቀሳ የለኝም፤ አንድም ጠርሙስ አልተሰበረም፣ ሹፌሩም እስከ ደጄ ድረስ አምጥቶ አስፈርሞኛል። ቅሬታዬ በካርቶኑ ውስጥ ስለተገኘው ነው። በስድስቱም ጠርሙሶች ላይ የተጻፈው «ፕቲ ሻብሊ» ነው። ይህ ወይን በራሳችሁ የዋጋ ዝርዝር ላይ 7,900 ብር ስለሆነ፣ የተቀበላችሁኝ ገንዘብ ከላካችሁልኝ ዕቃ ዋጋ በ39,600 ብር ይበልጣል።

የፈረምኩት ካርቶኑ እንደታሸገ በመሆኑ ስሕተቱን ያወቅሁት ጥር 4 ቀን እሑድ፣ እኔና ባለቤቴ የተጋባንበትን 35ኛ ዓመት ለማክበር ልጆቻችን በተሰበሰቡበት ምሳ ላይ ነው። ገንዘቡን ያዋጡት እነርሱ ናቸው፤ በጡረታ ደመወዝ እንዲህ ያለ ወይን አይታዘዝም። ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ ቀርቦ ነበር። ታናሹ ልጄ ሁለት ጠርሙስ ከፍቶ ለሁሉም ከቀዳ በኋላ እኔ አንድ ጊዜ ጎንጨት አልኩና መለያውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የቀሩት አራት ጠርሙሶች አልተከፈቱም።

በማግስቱ ስደውል ሦስት የተለያዩ መልሶች ተሰጡኝ። ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ «ፕቲ» ማለት ትንሽ ማለት ስለሆነ ልዩነቱ የጠርሙሱ መጠን ብቻ ነው አሉኝ፤ ጠርሙሱ እንደ ሌላው ሁሉ 75 ሴንቲ ሊትር እንደሚይዝ ከመለያው ሳነብላቸው ወደ ሌላ ባልደረባ አሻገሩኝ። እኚህኛው ደግሞ ደሴ ደጋ በመሆኗ ብርዱ ጣዕሙን ሳይለውጠው አልቀረም ሲሉ ገመቱ። እዚህ ላይ በመሳቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሻብሊ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቀዝቅዞ የሚጠጣ ወይን ነው፤ በጥር ወር የደሴ ጓዳ ያለ ማቀዝቀዣ ይህን ቅዝቃዜ ስለሚሰጥ ከተማችን በዚህ ጉዳይ ልትመሰገን እንጂ ልትከሰስ አይገባትም። ሦስተኛው መልስ ግን ከኃላፊው የመጣና የድርጅታችሁ አቋም ሆኖ የጸና በመሆኑ ይህን ደብዳቤ አስጻፈኝ። እርሳቸው ያሉት «ሁለቱም ሻብሊ ናቸው፤ ፍሬው አንድ፣ አገሩ አንድ፤ የሚለያየው ወረቀቱ ነው» የሚል ነበር።

ሰኞ ገበያ ጤፍ የሚሸጥ ነጋዴ የማኛ ዋጋ ተቀብሎ ሰርገኛ ሰፍሮ «ሁለቱም ጤፍ ናቸው» ቢል ገዢው ምን እንደሚመልስለት መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ኃላፊው በቅንነት የተናገሩ ስለመሰለኝ እኔም በቅንነት ላስረዳ።

ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ሁለቱም ወይኖች የሚጠመቁት ሻርዶኔ ከሚባለው የወይን ዝርያ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የሚበቅሉት ቡርጎኝ በተባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዮን አውራጃ፣ ሰረን የተባለው ትንሽ ወንዝ በሚያቋርጣት በሻብሊ ከተማ ዙሪያ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ግን ፍሬው የበቀለበት ቁልቁለትና ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነው። የፕርሚዬ ክሩና ከእርሱም በላይ የሆነው የከፍተኛው ደረጃ፣ የግራን ክሩ፣ ማሳዎች የተተከሉት ኪመሪጅያን በተባለው፣ ኖራ ድንጋይና ሸክላማ አፈር በተፈራረቁበት ንጣፍ ላይ ነው። ይህ ንጣፍ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ አካባቢውን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ሲሆን፣ የኮማ ቅርጽ ባላቸው፣ ኦይስተር የተባለ የባሕር እንስሳ ትንንሽ ዛጎሎች የተሞላ ነው። ፕቲ ሻብሊ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ በላይ፣ ነፋስ ከሚበዛበት የአምባው ራስ ላይ፣ ፖርትላንድያን ከሚባለው ጠንከር ያለና በዕድሜ ከሚያንሰው የኖራ ድንጋይ ነው። እኔ በ1978 ዓ.ም. ለትምህርት በቡርጎኝ ከተማ በዲጆን በነበርኩበት ጊዜ ከፉርሾም ማሳ ዳር ያነሳሁት ዛጎላም ድንጋይ ዛሬም መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ አለ። ለሠላሳ ዓመታት ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼ በእጃቸው እየዳሰሱት፣ በዓባይ ሸለቆ የምናየውም የኖራ ድንጋይ የዚያው የጁራሲክ ዘመን ባሕር ሥራ መሆኑን፣ የእኛው የጦሳ ተራራ ጥቁር ድንጋይ ግን እሳተ ገሞራ የተፋው መሆኑን ተምረውበታል። ስለዚህ «አገሩ አንድ ነው» የሚለው መልስ እኔን የሚያሳምን አይደለም።

ሻብሊ ከ47 ዲግሪ ሰሜን በላይ የሚገኝ ብርዳም አገር በመሆኑ ወይኑ መብሰል የሚችለው ማሳው ፀሐይን በሚገባ ሲያገኝ ነው። ሰባቱ የግራን ክሩ ማሳዎች በሙሉ ከሰረን ወንዝ በስተቀኝ ባለ አንድ ወደ ደቡብ ምዕራብ በዞረ ቁልቁለት ላይ ናቸው፤ ስፋታቸውም በድምሩ 100 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ፉርሾምም በዚያው በወንዙ ቀኝ በኩል ይገኛል። ከዚህ በላይ በሚያዝያ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ገበሬው ለጋው ቀንበጥ እንዳይረግፍበት በረድፎቹ መካከል ማሞቂያ ያነድዳል፤ አለበለዚያም ውኃ እየረጨ ቀንበጡን በስስ በረዶ ይሸፍነዋል፤ በረዶው ሲሠራ የሚወጣው ሙቀት ውስጡን ያተርፈዋልና። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የደረሰው ውርጭ ይህ ሁሉ ተደርጎም የአካባቢውን ምርት ክፉኛ ጎድቶታል። ከዚያ በኋላ ወይኑ በአብዛኛው በብረት ታንከር እንጂ በአዲስ የእንጨት በርሜል ስለማይቀመጥ፣ የእንጨት ሽታ የማሳውን ድክመት አይሸፍንለትም። በብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው የሎሚ የመሰለ ኮምጣጣነትና ዝናብ የመታው ድንጋይ የሚመስል ጠረን ነው። በፕርሚዬ ክሩ ላይ ይህ ጠልቆ አፍ ውስጥ ይቆያል፤ እኛ እሑድ የቀመስነው ግን ገና ዓሣው ሳይጎረስ ጠፍቷል።

ፕቲ ሻብሊን እያጣጣልኩ አይደለም። በለጋነቱ ለሚጠጣው ሰው ጥሩና ሐቀኛ ወይን ነው፤ በ7,900 ብር ቢሸጥልኝ አመሰግን ነበር። የፈረንሳይ ሕግ ሻብሊን እ.ኤ.አ. በ1938፣ ፕቲ ሻብሊን ደግሞ በ1944 ለየብቻ ከልሎ ያስመዘገበው እኔ የደረሰብኝ ዓይነት መደበላለቅ እንዳይኖር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን ከዚያ አካባቢ አንዲት ፍሬ ያልገባበት ርካሽ ነጭ ወይን በትልልቅ ጠርሙስ «ሻብሊ» እየተባለ ይሸጥ እንደነበር ስለማውቅ፣ ስሙ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት አልዘነጋሁም። የእናንተም የዋጋ ዝርዝር ሁለቱን «ሻብሊ» በሚል አንድ ርዕስ ሥር አስቀምጦ ልዩነታቸውን በደቃቅ ፊደል ማመልከቱ ለመጋዘን ሠራተኞቻችሁ ስሕተት ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ለአስመጪ ድርጅት ማስታወስ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ስለዚህ አራቱን ያልተከፈቱ ጠርሙሶች በራሳችሁ ወጪ ወስዳችሁ፣ የሁለቱን የተከፈቱ ጠርሙሶች ዋጋ 15,800 ብር ብቻ ቀንሳችሁ፣ ቀሪውን 71,200 ብር በከፈልኩበት የባንክ ሒሳብ እስከ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ያዘዝኩት የፉርሾም ወይን በመጋዘናችሁ ካለና ልትልኩልኝ ከመረጣችሁም እቀበላለሁ፤ በዚህ ጊዜ የጠጣናቸውን የሁለቱን ጠርሙሶች ዋጋ በተጨማሪ እከፍላለሁ። ነገር ግን ካርቶኑ እንዲታሸግ ከመደረጉ በፊት የእያንዳንዱ ጠርሙስ መለያ ፎቶ ተነሥቶ ይላክልኝ። የደረሰኙ፣ የፕሮፎርማውና የስድስቱ መለያዎች ፎቶ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። አራቱ ጠርሙሶች ብርሃን በማያገኝ ጓዳ ውስጥ አጋድሜ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሹፌራችሁ መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ ቡሻቸው አይነካም።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ደሴ