ስንጥቅ ስንለካ የከረምንበት ዓመት፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘገባ

«እናንተ ችግኝ ትከሉ እንጂ ግድግዳ ምን አገባችሁ?» ያሉን ባልደረቦች ዘንድሮም አልጠፉም። ችግኙንም ተክለናል፤ ያልጸደቀውን የጎረቤት ፍየሎች ያውቁታል። ክበባችን ግን ዓመቱን ሙሉ ዓይኑን የጣለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ስንጥቅ ላይ ነው።

ግቢያችን ዋልካ አፈር መሆኑን በክረምት በጫማው ተሸክሞት ያልገባ የለም። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሠረቱም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ የቆየ ጠባዩ ነው። የሚያከፋው ዝናቡ ሲጠፋ ከርሞ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ ሲዘንብም በአንዴ ብዙ ሊወርድ ይችላል፤ ጣሪያና አሸንዳችን ደግሞ ለድሮው ዝናብ የተሠሩ ናቸው።

ጥቅምት ላይ ስንጥቁን በሦስት ቦታ በጀሶ ደፍነን ቀን ጻፍንበት፤ ስንጥቁ ከሰፋ ጀሶው ተሰንጥቆ ይነግረናል። የካቲት ላይ የላይኛው ጀሶ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ልጆቹ ጎል የገባ ያህል ጮኹ፤ እኔ ግን ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጠው የሚያነቡትን አስቤ መደሰት አቃተኝ።

ስብሰባዎቻችን ዓርብ ዓርብ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ።

መጋቢት ላይ 23 ልጆች ይዤ ወደ ፋሲል ግንብ በእግር ወረድን። (አውቶቡስ ጠይቀን ነበር፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።) የጎንደር ልጅ ግንቡን ለፎቶ ያውቀዋል፤ እኛ የሄድነው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ለማየት ነው። በእድሳት ሥራ ያረጁ አንድ ግንበኛ፣ በጣሊያን ጊዜ ጥገናው በሲሚንቶ ተሠርቶ በኋላ ሲሚንቶው እንዲነሳ መደረጉን ነገሩን። ኖራ እርጥበቱን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል፣ ድንጋዩም ይላጣል።

ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የ7ኛ ክፍል ልጅ መዳፏን ግንቡ ላይ አሳርፋ «አባባ፣ ይሄ 400 ዓመት ሊሞላው ነው። የኛ ቤት ግን በየክረምቱ ይናዳል። ምን አጥፍተን ነው?» አለች። አዛውንቱ ቁጢጥ አሉ። «የጣሪያችሁ ክፈፍ ምን ያህል ይወጣል፣ ልጄ?» በጣቶቿ አሳየቻቸው፤ ስንዝር አይሞላም። «ክንድ ይሁን። ከሥሩም በድንጋይ አንሱት። ጭቃ ከላይና ከታች ውሃ ካልነካው ምን ይሆናል?» ግንቦት ላይ አባቷ ቆርቆሮ መጨመሩን ልታሳየኝ ቤቷ ድረስ ወሰደችኝ። ገና ያልዛገው ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል።

ከሃይላንድ የሠራነው የዝናብ መለኪያ ሚያዝያ ላይ ስለተሰበረ የበልጉ መዝገብ ጎድሏል። የኳስ ክበቡ ዘንድሮ ሁለት አዲስ ኳስ አግኝቷል። አልቀናንም፤ መለኪያውን የሰበረው ግን ከሁለቱ አንዱ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ የጀርባ አሸንዳ ከተነቀለ ሁለት ክረምት ሆነው፤ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ስንጥቁ ሥር ይፈሳል። ቦዩን ልጆቹ በተውሶ አካፋ ቆፍረዋል። የቀረን አሸንዳው፣ መሰላልና የአንድ ቆርቆሮ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ነው። ከወላጆች መካከል ባለሙያ እንዳለ አውቃለሁ። ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ብቅ ቢሉልን ጀሶውንም እናሳያቸዋለን።