ስለ «የአልጀርስ ሴቶች»፦ ለቅዳሜው ውይይት መዘጋጃ

የተከበራችሁ የሥዕል ውይይት ቡድናችን አባላት፦

በመጪው ቅዳሜ የምንወያየው ፈረንሳዊው ደላክሯ እ.ኤ.አ. በ1834 ስለሣለውና ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ስለሚገኘው «የአልጀርስ ሴቶች»፣ እንዲሁም ኋላ የመጡ ሠዓሊዎች ይህንኑ ሥዕል እንዴት እንደገና እንደሣሉት በመሆኑ፣ አስቀድማችሁ ሥዕሎቹን አስተውላችሁ እንድታዩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ስፔናዊው ሠዓሊ ፒካሶ ወዳጁና ተፎካካሪው ሠዓሊ ማቲስ በሞተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ የአልጄሪያም የነጻነት ጦርነት በፈነዳ በሁለተኛው ወር ጀምሮ፣ እስከ ፌብሩዋሪ 1955 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይህንኑ የደላክሯን ሥዕል መነሻ አድርጎ 15 ሸራዎችን ሣለ። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ በ179 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል፤ ዋጋው ግን የእኛ ጉዳይ አይደለም።

በደላክሯ ሸራ ላይ ሦስት ሴቶች ጋያቸውን አጠገባቸው አድርገው በዝምታ ተቀምጠዋል፤ ጥቁሯ አገልጋይ ደግሞ ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታ፣ በትከሻዋ ላይ ዞራ ታያቸዋለች። ፒካሶ ያንን ጸጥታ ሰባብሮ ሴቶቹን በአብዛኛው እርቃናቸውን ስለሣላቸው፣ ነጻ አወጣቸው የሚለው የተለመደ አስተያየት እኔን ብዙም አያሳምነኝም። አልጄሪያዊቷ ሠዓሊ ሁሪያ ኒያቲ እ.ኤ.አ. በ1982 «ስቃይ ይቁም» በሚል መንፈስ የሠራችው ሥራ ለደላክሯም ለፒካሶም የተሰጠ መልስ ስለሚመስለኝ፣ ውይይቱን ከእርሷ ብንጀምር እመርጣለሁ።