ረጋ በይ ልጄ

ለሚሚ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አሟታል፤ እንዳልነግርሽ አስምላኛለችና እንዳልሰማሽ ሁኚ።

አብራሽ የምትኖረው ልጅ ለወንድምሽ ደውላለት ነበር። ላብራቶሪ ታድሪያለሽ፣ ምሳሽ ብስኩት ሆኗል፣ እንደ እርጎ የምታረጊው ጄል እምቢ ብሎሽ አልቅሰሻል አሉ። ረጋ በይ እንጂ!

በስልክ ያስረዳሽኝን ከአራት ኪሎ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳሰላስለው ነበር። ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩት ለዚህም አይደል? ኤፍሞክ የሚባል ባለ ቀለበት ኬሚካል የተለጠፈበት፣ ከሁለት ፌኒልአላኒን አሚኖ አሲዶች የተሠራው ፔፕታይድሽ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭሽ) ቤዝ ውስጥ የሚሟሟው ጫፉ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለውና ሞለኪውሎቹ ስለሚገፋፉ ነው። አሲድ ሲገባ ቻርጁ ይጠፋል፤ ያኔ ቀለበቶቹ ይደራረባሉ፣ በሃይድሮጅን ቦንድ ተያይዘው ክር ይሆናሉ፣ ክሮቹም ተጠላልፈው ውሃውን ያግቱታል። ከመቶ 99 እጁ ውሃ ሆኖ ብልቃጡ ሲገለበጥ አለመፍሰሱ እስካሁን ይገርመኛል።

አንቺ ግን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ታደርጊበታለሽ። ጠብታው የነካው ወዲያው ይጓጉላል፣ ሌላው ውሃ እንደሆነ ይቀራል። ዱቄት ባንዴ የተዘረገፈበት ገንፎ ማለት ነው። ግሉኮኖ ዴልታ ላክቶን ጨምሪበት፤ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ግሉኮኒክ አሲድ ስለሚሆን በየቦታው እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ዘዴ እነ አዳምስ የሚባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2009 የጻፉትን ፈልገሽ አንብቢ። ከዚያ ሳትነቀንቂው ሄደሽ ተኚ። ረጋ በይ።

ሰባት ዓመቴ ሳለ እማዬ ለፋሲካ ወይራ በታጠነ ማሰሮ ወተት አስቀምጣ ነበር። ረግቶ እንደሆነ ለማየት በየሰዓቱ እየከፈትኩ አዘነበልኩት። በዓሉ ሲደርስ ግማሹ ጓል፣ ግማሹ አጓት ሆኖ ወጣ። አርጩሜው ያረፈው አክስትሽ ብርቄ ላይ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ዳቦዬን በላሁ።

አድጌ ለእማዬ ልናዘዝ ስል ብርቄን ራሷን ረስታት ነበር። ሁለቱ ፌኒልአላኒን አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር ከሚያያዘው አሚሎይድ ፕሮቲን መሐል የሚገኙ ናቸው ስትይኝ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ኔትወርክ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

በርበሬውና ሽሮው ቅዳሜ በጎረቤታችን ልጅ እጅ ይመጣልሻል። ሽሮው እንዳይነቅዝ ፍሪጅ አስገቢው። ጓንት ሳታደርጊ አሲድ እንዳትነኪ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስትሮጪም አይደል ብልቃጥ የምትሰብሪው? ረጋ በይ አልኩሽ።

ለብርቄ ደውይላት፣ ትናፍቅሻለች። ስለ ማሰሮው ግን ትንፍሽ እንዳትይ፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

አባትሽ