የቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አንድ ቃል ስንከተል ከረምን

የቋንቋ ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ጥቅምት ላይ አባላቱ ለግድግዳ ጋዜጣው ርእስ ሲመርጡ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዝንጅብል የግዕዝ ቃል ነው አለች። ሌላው ዐረብኛ ነው አለ። ሦስተኛው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጂንጀር የመጣ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እጅ በማውጣት የሚፈታ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ይህንን አንድ ቃል እንከተለው ተባባልን። የግጥም ምሽቱ፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩና የሚኒ ሚዲያው ዝግጅት እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። በወላጆች በዓል ያያችኋቸው ስለሆኑ እዚህ አልደግማቸውም።

መጀመሪያ የሄድነው ገበያ ነው። ደብረ ብርሃን ዝንጅብል አያበቅልም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ፣ ያውም ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ የሚጥልበት፣ ሙቀትና እርጥበት ለሚወድ ተክል አይመችም። አባላቱ ግን ይህንን በወሬ አልተቀበሉትም። ጥቂቱን በግቢው አፈር፣ ጥቂቱን በክበቡ ክፍል መስኮት ላይ በጣሳ ተከሉ። የግቢው በስብሶ ቀረ። የመስኮቱ ግን ቀንዘል ያለች አረንጓዴ ጫፍ አወጣና ጥር ድረስ ስንኮራባት ቆየን።

ገበያችን ላይ የሚሸጠው ዝንጅብል በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ነው። ወላይታ፣ ሀድያና ከምባታ የታወቁ አብቃዮች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአጠውልግ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አውድሟል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈርም በተከላ ዝንጅብሉም ይተላለፋል። ዝንጅብል በዘር ሳይሆን በራሱ ቁራጭ ስለሚራባ የታመመ ቁራጭ የተከለ ገበሬ በሽታውንም አብሮ ይተክላል።

ከቅመም ሻጮቹ አንዷን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ "እትዬ፣ ዝንጅብል ለምንድን ነው ዝንጅብል የተባለው?" ብሎ ጠየቃቸው። "ልጄ፣ እኔ የምሸጠው ዝንጅብሉን ነው። ስሙን በነፃ ውሰደው" አሉት። ይህ አነጋገር ዓመቱን ሙሉ የክበባችን ቀልድ ሆኖ ቆየ።

ስሙ ግን በነፃ አልተገኘም። ብዙ አገር የዞረ ነው። ተክሉ መጀመሪያ የለማው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች አካባቢ ነው። ዛሬ በዱር በቅሎ አይገኝም፤ የሰው እጅ ያኖረው ተክል ነው። በደቡብ ሕንድ ታሚሎችና የማላያላም ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ "ኢንጂ" ይሉታል። ሥር በእነሱ ቋንቋ "ቬር" ነው። ሁለቱ ተጋጥመው በጥንቶቹ የሕንድ ቋንቋዎች፣ በፓሊ "ሲንጊቬራ"፣ በሳንስክሪት "ሽሪንጋቬራ" ሆኑ። ወደ ግሪክ ሲሻገር "ዚንጊቤሪስ"፣ ወደ ፋርስ ሲዞር "ሲንጊቤር" ተባለ። አራማይክ የሚባለውን የጥንት የመካከለኛው ምሥራቅ ቋንቋ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ያለውን "ር" ወደ "ል" ለወጡት። ዐረቦች ከእነሱ ተቀብለው "ዘንጀቢል" አሉት። እኛም ከዐረቦች ወስደን ዝንጅብል አልን። በግሪክ በኩል የሄደው ወገን ደግሞ በላቲንና በፈረንሳይኛ አልፎ ጂንጀር ሆነ። ስለዚህ ሦስተኛው ተከራካሪያችን ተሸንፏል፤ ሆኖም ዝንጅብልና ጂንጀር የአንድ አያት ልጆች መሆናቸው ታውቆለታል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ክርክር ተነሣ። በሳንስክሪት "ሽሪንጋ" ቀንድ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ስሙ "ቀንድ መሰል" ማለት ነው ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ዝንጅብሉን ላየ ሰው ያሳምናል። እኔ ግን ቃል ከውጭ ሲገባ ሕዝብ በሚያውቀው ድምፅ ይተረጉመዋልና አትቸኩሉ አልኳቸው። የቋንቋ አጥኚዎችም የሚያደሉት ወደ ደቡብ ሕንዱ ሥር ነው። የቀንዱ ትርጉም በኋላ የተለጠፈ ነው የሚሉት ሚዛን ደፍቷል። የሚገርመው ደግሞ በስሙ ውስጥ ሥር ይባል እንጂ የምንበላው ሥር አይደለም። ከአፈር በታች የሚጋደም ግንድ ነው። ዓይን ያለው፣ ከዓይኑም ቡቃያ የሚያወጣ ግንድ ነው። ይህንን ከሳይንስ ክበብ ጋር ባደረግነው የጋራ ስብሰባ አረጋግጠናል።

ቃሉ ከየት ወደ ሸዋ ገባ የሚለውን ለማሳየት አባላቱን ወደ አልዩ አምባ ወሰድኳቸው። አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ፣ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለው የታጁራ ወደብና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ጨውና ጨርቅ ይገባባታል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና፣ ማፈር ቢያስፈልግም መደበቅ አይገባም፣ ባሪያ ይወጣባታል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ዕቃና ቃል አብረው ይጓዛሉ። ሱቅ፣ ሳንዱቅ፣ ብርቱካን የሚሉት ቃላችን ሁሉ የዐረብኛ ሽታ አላቸው። ወደ ሸዋ ሮቢትም ልንወርድ አስበን ነበር። በመንገድ ምክንያት ቀርቷል።

አንድ ሙስሊም አባላችን ደግሞ ከኡስታዙ ጠይቆ መጣ። ቁርአን ውስጥ፣ በ76ኛው ሱራ በ17ኛው አንቀጽ፣ የጀነት ሰዎች ከዝንጅብል የተቀላቀለ ጽዋ እንደሚጠጡ ተጽፏል። እዚያ ያለው ቃል "ዘንጀቢል" ነው። ግዕዝ ነው ያለችው ልጅ ይህን ጊዜ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ "እንግዲያው ዐረብኛም አይደለማ፤ እነሱም ተቀብለው ነው" አለች። ትክክል ነች። ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ዝንጅብል ሲጽፍ አንዳንዶች የቁንዶ በርበሬ ሥር ይመስላቸዋል፣ አይደለም ብሏል። እዚህ ላይ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን በዐረብ አገርና በቀይ ባሕር አፍሪካዊ ዳርቻ ይበቅላል ይላል። ሮማውያን ዕቃውን የሚቀበሉት በቀይ ባሕር ነጋዴዎች እጅ ስለነበር፣ የሸጠላቸውን አገር ያበቀለው አገር አደረጉት። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ያለውን ዝንጅብል የደብረ ብርሃን ዝንጅብል እንደማለት ነው።

ሕንዶች ራሳቸው ዛሬ ምን ይሉታል? በሂንዲ እርጥቡ "አድራክ"፣ ደረቁ "ሶንት" ነው። አድራክ የመጣው "እርጥብ" ከሚል የሳንስክሪት ቃል ነው። የእኛ ሻጮች እርጥብና ደረቅ ብለው እንደሚለዩት ማለት ነው። መለየቱም ያለ ምክንያት አይደለም። እርጥቡን የሚያቃጥለው ጂንጀሮል የሚባል ውሕድ ነው። ሲደርቅ ጂንጀሮሉ ውሃ ያጣና ሾጋኦል ወደሚባል የበለጠ የሚፋጅ ውሕድ ይለወጣል። "ሾጋ" በጃፓንኛ ዝንጅብል ነው፤ ስሙን ከዚያ አወጡለት። አባላቱ ሁለቱን ቀምሰው መሰከሩ። አንዱ ውሃ ፍለጋ ከክፍል ወጥቶ ሮጠ።

የእንግሊዝኛው ጂንጀር ለየት ያለ ሥራ ይሠራል። ጠጉረ ቀይ ሰው ጂንጀር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1785 የታተመ የእንግሊዝ የመንደር ቋንቋ መዝገብ ቃሉ ከአውራ ዶሮ ማዋጊያ እንደመጣ ይናገራል። ቀያይ አውራ ዶሮዎች በዚያ ስም ይጠሩ ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቆይቶ ግን እኛስ ገብስማ ዶሮ እንል የለም እንዴ አለ አንዱ። የገብስ አገር ልጅ ነውና አልጠፋውም። ዛጎልማም አለ። ዶሮ በእህልና በዕቃ ስም ሲጠራ የኖረው እኛም ጋ ነው።

ሌላው የጂንጀር ትርጉም "ማነቃቃት" ነው። የድሮ የእንግሊዝ ፈረስ ደላሎች ያረጀ ፈረስ ጅራቱን አንሥቶ እንዲንጎማለል ከጅራቱ ሥር ዝንጅብል ያደርጉበት ነበር ይባላል። ደላላ የትም ደላላ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ዛሬም ወጣቶች ጂንጀር አድርገኝ ሲሉ አበርታኝ ማለታቸው ነው። "ጂንጀርሊ" የሚለው፣ በጥንቃቄ ማለት፣ ግን ዘመድ አይደለም። ከሌላ የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በፈተና ዝንጅብላማ ብለው እንዳይተረጉሙት አደራ ብያለሁ።

የወጥ ቤቱን ክፍል ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጠይቀው ሞሉ። ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለአልጫ ክክ፣ ለበርበሬ ዝግጅት፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ለሻይ። ለጉንፋን መድኃኒት ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከግድግዳ ጋዜጣው አስወጥቻለሁ። ትኩስ ዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ማቅለሽለሽ እንደሚቀንስም በጥናት ተደግፏል። ጉንፋን ያድናል ማለት ሌላ ነው። ጥቂት አባላት ቅር ብሏቸዋል። ኮረሪማና እርድ የዝንጅብል ቤተሰብ መሆናቸውን፣ ኮረሪማ ደግሞ የገዛ አገራችን ተክል መሆኑን የሚናገረው ዓምድ በቦታው ተተካ።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ቃላት በእጩነት ቀርበዋል፤ ቡናና ሎሚ። አብዛኛው አባል ከቡና ጋር ነው። እኔ ሎሚ እላለሁ፤ ስለ ቡና ያልጻፈ የለምና። ድምፅ የሚሰጠው መስከረም ላይ ነው። መመዝገብ የሚፈልግ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ቅጽ ይውሰድ።