የክረምቱን የሰፈር ኳስም ጻፉልን

ውድ አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁን ከዓመታት ጀምሮ እከታተላለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። በየሰፈሩ ለሚካሄደው የክረምት ውድድር ትንሽ ቦታ ስጡልን። ግማሽ ገጽ አላልኩም። ማን ከማን ተጫወተ፣ ስንት ለስንት ወጡ፣ ማን አገባ። ይህችው ትበቃለች።

ሐምሌ ሲገባ የአገራችን ሊግ ዕረፍት ላይ ነው። የአውሮፓዎቹም እስከ ነሐሴ አይጀምሩም። ያን ጊዜ የስፖርት ገጹ በዝውውር ወሬ ይሞላል። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ክለብ አንድ ብራዚላዊ ሊያስፈርም ነው፣ ሊቀር ነው፣ ዋጋ ላይ አልተስማሙም። እኔም አነበዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን በዚያው ሳምንት እዚሁ ከተማ ውስጥ እውነተኛ የኳስ ጨዋታ እየተካሄደ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ልጁ ሁሉ ሰፈር ነው። ቡድን ይመዘገባል፣ ለማሊያ ይዋጣል፣ ዳኛ ይፈለጋል። ብዙ ቦታ ፍጻሜው ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። ዋንጫ መግዛት ያልቻለ ሰፈር በበግ ይጫወታል።

ባለፈው ቅዳሜ ጉለሌ፣ እኛ ሰፈር ሜዳ ላይ የነበረውን ልንገራችሁ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጀመር ሲል እንጦጦ ጠቆረ። እንጦጦ ከጠቆረ ዝናቡ እኛ ጋ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ዳኛው ሰማዩን አየና ሁለቱን አምበሎች ጠራቸው። ሁለቱም "እንጫወታለን" አሉ። ፊሽካው ከተነፋ ብዙም ሳይቆይ ዶፉ ወረደ።

ተመልካቹ ወደ ቤቱ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። አንድም ሰው አልሄደም። ወጣቶቹ ከግንባታ ቦታ ሸራ አምጥተው ዘርግተው ያዙት፤ ከሥሩ ጋቢ የለበሱ አባቶችና ትንንሽ ልጆች ተጠጋግተው ቆሙ። በቆሎ የምትጠብሰው እናት ከሰሏ እንዳይጠፋባት ጃንጥላዋን ለምድጃው ሰጥታ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ሥራዋን ቀጠለች። ልጆቹ አጥር ላይ ሆነው በሁለቱም ቡድን ስም ይጨፍሩ ነበር።

ኳሱም ጥሩ ነበር። ጭቃ ላይ ጥሩ ኳስ አይኖርም የሚል ሰው መጥቶ ቢያይ ደስ ይለኛል። ሜዳችን መሐሉ ጎድጓዳ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለቱም በአጭር ቅብብል ሊጫወቱ ሞከሩ፤ ኳሷ ግን መሐል ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፣ ተጫዋቹ ያልፋታል። ከዕረፍት በኋላ አንደኛው አሰልጣኝ ጨዋታውን ወደ ቀኝ መስመር አወጣው። እዚያ በኩል መሬቱ ስለሚያዘነብል ውሃው አይቆምም። ግራ እግሩን የሚጠቀም አንድ ቀጭን ልጅ ደግሞ ኳሷን ከውሃው ቆንጠር አድርጎ ያነሳትና በአየር ያቀብል ጀመር። ያንን ማንም አላስተማረውም። እዚያው ጭቃው ውስጥ፣ በዚያች ሰዓት ያወቀው ነገር ነው። አንድ የክለብ አሰልጣኝ ቆሞ ቢያየው ብዬ ተመኘሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን መጻፍ እፈልጋለሁ። በኖራ የተሰመረው መስመር ገና በጊዜ ታጥቦ ሄዷል። መረብ የለም። ጨዋታው 1 ለ 1 እያለ ከኮርና የመጣች ኳስ በቴስታ ተመታችና በረኛው ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ አወጣት። ገብታለች፣ አልገባችም፣ ግርግር ሆነ። ዳኛው ሩቅ ነበር፤ መስመር ዳኛውም በዝናቡ አላያትም። ያን ጊዜ ጎሉ የተቆጠረበት ቡድን ተከላካይ እጁን አነሳና "ገብታለች" አለ። አጠገቧ የነበረው እሱ ነበር። ጓደኞቹ ጮኹበት። እሱ ግን ደገመው፣ "ገብታለች፣ አይቻታለሁ" አለ። ጎሉ ጸደቀ፤ ጨዋታውም በዚያው 2 ለ 1 አለቀ። ሲያልቅ የአሸናፊው ቡድን ልጆች መጀመሪያ የጨበጡት የእሱን እጅ ነው።

ይህ የትም አልተጻፈም። የዚያ ልጅ ስም የትም የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማስታወስ የሚችለው ያን ቀን እዚያ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ደብዳቤዬም ስለዚህ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. አፍሪካ ዋንጫ ላይ ሲቀርብ ሁላችንም ልጆቹ ከየት ሰፈር እንደተነሡ ለማወቅ ጓጉተን ነበር። የሰማነው ሁሉ የአፍ ወሬ ነበር፦ እዚህ ሜዳ ተጫውቷል፣ እዚያ በግ በልቷል። በጋዜጣ የወጣች አንዲት የክረምት ውጤት ብትኖር ለታሪክ ጸሐፊውም፣ ለልጁ ቤተሰብም፣ ተጫዋች ለሚፈልግ አሰልጣኝም ትጠቅም ነበር። አሰልጣኝ ሁሉንም ሰፈር ዞሮ ማየት አይችልም። ጋዜጣ ላይ ግን አንድ ስም ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ካየ አራተኛው ላይ ይመጣል።

ሌላም አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ሲካሄዱ ቆይተዋል። በቴሌቪዥን መታየቱ ለክለቦቹ ገቢ አምጥቷል፣ አልቃወምም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ተነሥቶ በእግሩ ስታዲየም ይሄድ የነበረ ሰው ክለቡን የሚያየው በስክሪን ሆኗል። ለብዙዎቻችን በዓይናችን የምናየው፣ ጭቃው የሚረጨን ኳስ የሰፈሩ ብቻ ነው የቀረው።

እሱም ሜዳ ሲኖር ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ኳስ ተጫዋቹ ለወራት ቦታ አጥቶ ነበር። ያኔ ችግር ነበር፣ ይገባኛል። የሰፈር ሜዳ ግን ያለ ወረርሽኝም ይጠፋል። አንድ ቀን ቆርቆሮ ይታጠራል፣ በማግስቱ ሲሚንቶ ይራገፋል። አሁን አሁን ሰው ሠራሽ ሣር ያላቸው ትንንሽ ሜዳዎች እየተሠሩ ነው፤ ለዝናብ ጊዜ በጣም ጥሩ ናቸው። ሆኖም አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ አያጫውቱም፣ ካየኋቸው አንዳንዶቹ ደግሞ በሰዓት ያስከፍላሉ። ጋዜጣ ላይ ስሙ በየሳምንቱ የሚወጣን ሜዳ ግን ዝም ብሎ ማጠር ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ከባድ ነው እንዳትሉኝ። ዳኞቹ ውጤቱን በቅጽ ሞልተው ይፈርማሉ፤ አስተባባሪዎቹ ዘንድ አለ። የእኛን ሰፈር ውጤት ቅጹን ፎቶ አንሥቼ ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ልልክላችሁ እችላለሁ፣ ያለ ክፍያ። ጥሪ ብታደርጉ እንደ እኔ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ ታገኛላችሁ። ኮልፌም፣ ቂርቆስም፣ የካም ይኖራል። ከአዲስ አበባ ውጭም እንደዚያው።

ግማሽ ፍጻሜያችን የፊታችን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም። ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ብትልኩልን አስተባባሪዎቹ ከሸራው ሥር ቦታ ይይዙላቸዋል። ቦቲ ጫማ አድርገው ይምጡ፤ ከአስፋልቱ እስከ ሜዳው ያለው መንገድ ጭቃ ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከጉለሌ